አይጥ ኮርኒስ ላይ፣ ጅብ አጥር ሥር፣ ነቀዝ ጆንያ ውስጥ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮልፌ ነው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ነው። ማታ መብራት ስናጠፋ አይጦች ከላያችን ይጋልባሉ። ከመንገድ የገዛሁት ጥቁር ዱቄት መርዝ መጀመሪያ ሁለት ገደለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዞር ብለውም አላዩት። ሙጫ ዘረጋሁ፤ የያዘው ግልገል ብቻ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኮርኒስ ላይ የሚጋልበው አብዛኛውን ጊዜ መውጣትና መንጠልጠል የሚችልበት የጣሪያ አይጥ ነው። ማረጋገጫው ኩሱ ነው። የጣሪያ አይጥ ኩስ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ጫፉ የሾለ ነው። በፍሳሽ ቱቦና በመሬት ጉድጓድ የሚኖረው ትልቁ ቡናማ አይጥ ደግሞ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጫፉ ድፍን የሆነ ኩስ ይጥላል። የትንሿ የቤት አይጥ ከሩዝ ፍሬም ያንሳል። ይህን ለይተው ካላወቁ ወጥመዱን ያለ ቦታው ያስቀምጡታል፤ የጣሪያውን አይጥ ወለል ላይ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

መርዙ ለምን እንደከሸፈ እንንገርዎ። ስሙና መጠኑ ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት ብዙውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ይህ መርዝ አይጡን በሰዓታት ውስጥ ያሳምመዋል። ትንሽ ቀምሶ የተረፈው አይጥ ሕመሙን ከቀመሰው ምግብ ጋር ያያይዘውና ዳግመኛ አይነካውም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ግን የሚገድሉት ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይተው ስለሆነ አይጡ ምን እንዳገኘው አያውቅም። እነዚህኛዎቹን በስህተት የበላ ሰው ቫይታሚን ኬ1 በሚባል መድኃኒት ሊታከም ይችላል፤ ዚንክ ፎስፋይድ ግን ማርከሻ የለውም። ሕፃን ባለበት ቤት ጥቁሩን ዱቄት ማስገባት በእኛ በኩል የሚመከር ነገር አይደለም። ሌላም ጣጣ አለ፦ መርዝ የበላ አይጥ የሚሞተው እርስዎ በማይደርሱበት በኮርኒሱ ማዕዘን ነው፤ ሽታው ሳምንት ከዚያም በላይ ይቆያል። የታመመውን አይጥ የያዘች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች።

ስለዚህ ሥራው ከመድፈን ይጀምር። ለትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል። ለትልቁ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ በቂ ነው። መግቢያውን ለማወቅ ማታ በግድግዳው ጥግና በተጠረጠሩት ቀዳዳዎች ፊት የእህል ዱቄት በስሱ ይነስንሱ፤ ጠዋት ዱካው መንገዱን ያሳያል። በተደጋጋሚ የሚሄዱበት ግድግዳ ደግሞ ከሰውነታቸው ቅባት የተነሳ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣበታል። ቀዳዳውን በጭቃ ብቻ መምረግ ዋጋ የለውም፣ በአንድ ሌሊት ይቦረቡሩታል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ በደንብ ጠቅጥቀው በላዩ 3 እጅ አሸዋና 1 እጅ ሲሚንቶ ይምረጉበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ነው፤ እያንዳንዱ ሞገድ ለአይጥ በር ነው፣ አንድ በአንድ ይደፈን። የበሩን ግርጌ በላሜራ ያልብሱ፣ ከወለሉ ያለው ክፍተትም ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጣሪያውን የሚነካ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ከጣሪያው 2 ሜትር ያህል እስኪርቅ ይቆረጥ።

ቀጥሎ በውስጥ የቀሩትን በሞላ በሚዘጋው ወጥመድ ይያዙ። አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ወጥመዱን ሳያጠምዱ ምግብ ብቻ አድርገውበት 3 ወይም 4 ቀን ይተዉት፤ መብላት ሲለምዱ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ያጥምዱ። አንድ ወጥመድ ገዝቶ በየቀኑ ቦታ መቀያየር የተለመደ ስህተት ነው፤ ለአንድ ቤት ከ6 እስከ 10 ያስፈልጋል። ወለል ላይ ከሆነ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ወጥመዱ ወደ ክፍሉ እንዲዘረጋ ያድርጉ፤ አይጥ የሚሄደው ግድግዳውን በጢሙ እየዳሰሰ ነውና። ለእርስዎ ግን ዋናው ቦታ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ማገር ነው፤ ወጥመዱን እዚያ በሽቦ ይሰሩት፣ አለዚያ የተያዘው ይዞት ይሄዳል። ምግቡ የአተር ፍሬ የሚያክል የለውዝ ቅቤ ወይም በክር የታሰረ ቋንጣ ይሁን። ብዙ ካደረጉ ከዳር ከዳር ልሶ ይሄዳል።

ሙጫው ግልገል ብቻ የያዘው ትልልቆቹ ስለሚጠነቀቁና ጉልበትም ስላላቸው ነው፤ የኮርኒስ አቧራም ሙጫውን ቶሎ ያደርቀዋል። የተያዘውም ቢሆን ለሰዓታት ሲሰቃይ ያድራል። ይተዉት።

ኩሱን በደረቁ አይጥረጉ፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ይርጩበት፣ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በጓንት ሆነው በወረቀት ያንሱት። ድርቆሹና ዱቄቱ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ካልገባ፣ የውሻው ትርፍራፊም ውጭ ካደረ፣ ወጥመዱ ከማን ጋር እንደሚወዳደር አስቡት!

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ዳር ነው የምጽፈው። ግቢያችን ውስጥ 6 በግ አለን። ከዐቢይ ጾም መግባት ጀምሮ ጅብ ሦስት ጊዜ መጥቶብናል፣ አንድ ውሻም ወስዷል። ጎረቤቶች ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጣል ይላሉ።

መልስ፦ ጾሙ ሲገባ መብዛቱ አጋጣሚ አይደለም። ጅብ ከተማ ዳር የሚኖረው በአብዛኛው በሥጋ ቤትና በቤት ውስጥ እርድ ተረፈ ምርት ነው፤ በጾም እርድ ሲቆም ቀለቡ ይቋረጥበታል። በትግራይ የጅብ ኩስ እየተሰበሰበ በተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር ድርሻ በግልጽ ጨምሮ ተገኝቷል። ጅብ በጾም ሳምንታት ቁም ከብት ላይ እንደሚዞር ካወቁ በረቱን መጠገን ከቅበላ በፊት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን!

መርዙን እርሱት። የተመረዘ ሥጋ ቀድመው የሚያገኙት የሰፈር ውሾችና ጥንብ አንሳዎች ናቸው፤ በየቄራው የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡ ወፎች ተመድባለች። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልም በሕግ የተከለከለ ነው። ጉዳቱ ከተደጋገመ ለቀበሌውና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

በጎቹ የሚያድሩበት ቦታ ጣሪያ ይኑረው። አጥር ብቻውን አይበቃም። ጅብ አጥር ከመዝለል ይልቅ ሥሩን ጭሮ መሹለክን፣ የላላ መዝጊያን መግፋትን ይመርጣል። ስለዚህ የበረቱ ግድግዳ መሠረት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት በድንጋይ ይውረድ። መዝጊያው ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ጅቡ በገፋው ቁጥር የሚጎዳው መወርወሪያው ነው። ከላይም ከታችም መወርወሪያ ይደረግለት። የእሾህ አጥር ከሆነ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅጠቅ፣ ሲደርቅና ሲሳሳም ይታደስ። ውሻውም ሌሊት ግቢ ውስጥ ይቆይ። የግቢ መብራት ለጥቂት ሌሊት ይረዳል፣ ከዚያ ይለምዱታል።

የሞተ ከብት ጎትቶ ከሰፈሩ ዳር መጣል ጅብን ቤት ድረስ መጋበዝ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተቆፍሮ፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኖ ይቀበር። ሰው ደጅ አይተኛ፣ ልጆችም ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን አይውጡ። ጅብ ያጋጠመው ሰው አይሩጥ፤ ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ፣ እየጮኸ፣ ዱላ ወይም ድንጋይ ይዞ ቀስ እያለ ወደኋላ ያፈግፍግ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጅብም ሆነ ጅብ የነከሰው ውሻ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። በቆሎአችንን ጆንያ ውስጥ አድርገን የምናስቀምጠው ከመኝታችን አጠገብ ነው። ነቀዝ ሲፈላበት ገበያ ላይ የሚሸጠውን ክኒን በየጆንያው ልጨምር አስቤ ነበር። ስንት ይበቃል እናንተ?

መልስ፦ እናታችን፣ አንድም አይጨምሩ። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በጆንያ አይታገድም፣ በሳንቃና በተሰነጠቀ ጭቃም ያልፋል፤ አጠገቡ የተኛን ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ካርባይድ የመሰለ ሽታ አለው ይባላል፣ ግን ሽታውን አምነው አይቀመጡ። ማርከሻ የለውም። ቀድሞ የተደረገ ክኒን ካለና ሰው ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሁሉም ከቤት ወደ አየር ይውጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ክኒኑ ላይ ውኃ ማፍሰስ ጋዙን በአንድ ጊዜ ስለሚያስወጣውና እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። ይህ ነገር ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚሠራበት ነው።

የእርስዎ መፍትሔ ባለሦስት ንብርብሩ ጆንያ ነው፤ ፒክስ ጆንያ ይሉታል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጭው ተራ ማዳበሪያ ነው። ነቀዙ ብዙ ጊዜ ከማሳው ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ ጆንያው ሲታሰር እሱ ራሱ የተረፈውን አየር ይጨርስና በዚያው ያልቃል።

ነገር ግን እህሉ ካልደረቀ ይሻግታል። በሚከደን ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሩቡን በቆሎ፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ይክደኑና አንድ ደቂቃ ይናጡት፣ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጨው ከማሰሮው ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ግን 13 በመቶ ስለሚፈለግ አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ይስጡት። የገበያው ጨው ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ቀድሞ በምጣድ ይድረቅ።

ሲሞሉ እየወዘወዙ ይጠቅጥቁት፣ በላዩ አየር አይቅር። የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ ጠምዝዘው፣ አጥፈው በጎማ ይሰሩ፤ መካከለኛውን እንዲሁ፤ በመጨረሻ የውጩን። በየሳምንቱ እየፈቱ መጭለፍ አየር ያስገባል፣ ስለዚህ ለዕለት የሚሆነው ለብቻው በሌላ ዕቃ ይቀመጥ። አይጥ አንዲት ቀዳዳ ከበሳችው ጆንያው ተራ ጆንያ ሆነ፤ ከግድግዳ ራቅ አድርገው በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድሩት። ጤፍ ካለዎት እሱን ለዚህ ጆንያ አይድከሙ፣ ፍሬው ለነቀዝ መራቢያ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ጦጦች በመስኮት ገብተው ዳቦና ሙዝ ይወስዳሉ። ልጄን አስፈራሯት።

መልስ፦ ሰፈሩ ውስጥ የሚመግባቸው ሰው እስካለ ድረስ የእርስዎ ድካም ግማሽ ነው፤ መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ይነጋገሩ። መስኮቱ ላይ በብረት ፍሬም የተወጠረ ጠንካራ መረብ ሽቦ ይደረግ፣ የወባ ትንኝ መረብ ይቀዱታል። ፍራፍሬ ከውጭ በሚታይ ቦታ አይቀመጥ፣ ቆሻሻውም ክዳኑ በሚታሰር በርሜል ይሁን። ልጅዎን ሁለት ነገር ያስተምሯት፦ ምግብ ይዛ ከጦጣ ጋር አትታገል፣ ትጣለው። ዓይኑን አፍጣ አታይ፣ ጥርሷንም እያሳየች አትሳቅለት፤ ለጦጣ ያ ዛቻ ነው። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ከላይ ለጅብ የጻፍነው የ15 ደቂቃ እጥበት እዚህም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ጠዋት ልጆቹ የተኙበት ክፍል ውስጥ የሌሊት ወፍ መጋረጃ ላይ ተለጥፋ አገኘን። ባለቤቴ በመስኮት ላባርራት ሲል ከለከልኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ አትልቀቋት። አሜሪካ ውስጥ ከእብድ ውሻ በሽታ ሞት አብዛኛው የሚመጣው ከሌሊት ወፍ ነው፤ ጥርሷ በጣም ትንሽ በመሆኑ የተኛ ሕፃን መነከሱ ላይታወቅ ይችላል። በወፍራም የቆዳ ጓንት ሆነው ጎድጓዳ ዕቃ ይድፉባት፣ በሥሩ ካርቶን አሹልከው በቴፕ ያሽጉት። ራሷን አይምቱ፤ ምርመራው የሚደረገው ከአንጎሏ ነው። ከሞተችም ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አትግባ። ከዚያ ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ወይም ጤና ቢሮ በዚያው ቀን ይደውሉ። ምርመራው ነጻ ካላት ክትባቱ ይቀራል፤ ካልሆነ ወይም ካመለጠች ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ከሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል መርፌ ጋር፣ በ0፣ 3፣ 7 እና 14ኛው ቀን የሚወሰዱ አራት ክትባቶችን ያዛል።

ጣሪያው ሥር ሌሎች ካሉ ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ መውጫውን አይድፈኑ፤ መብረር ያልቻሉ ግልገሎች ውስጥ ይቀሩና እዚያው ይሞታሉ፣ እናቶቹም መግቢያ ፍለጋ ወደ ቤት ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ማውጣት እንጂ ማስገባት የማይችል የመረብ መውጫ ለአንድ ሳምንት ያህል ይሰቀልና፣ መውጣታቸው ሲረጋገጥ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ሁሉ ይታሸጋል።