ኖብልስ ካውንቲ በማን ስም ተሰየመ?

ወንድሜ፣ ሜኒሶታ ወርዚንግተን ገብተህ ሥራ በመጀመርህ እንኳን ደስ አለህ። ካውንቲው ለምን ኖብልስ እንደተባለ ጠይቀሃል። ቃሉ በእንግሊዝኛ መሳፍንት ማለት ቢመስልም መሳፍንት ምናምን የለበትም፣ የሰው ስም ነው። ዊልያም ኖብልስ ይባላል።

ሰውየው የሜኒሶታ ቴሪቶሪ (ስቴት ከመሆኗ በፊት የነበረችው ግዛት) ምክር ቤት አባል ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን መንገድ ነው። በ1851 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች መሀል ለሠረገላ የሚመች መተላለፊያ አገኘ። ያ መተላለፊያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቀጥሎ ከሜኒሶታው ምሽግ ፎርት ሪጅሊ እስከ ዋዮሚንጉ የተራራ መተላለፊያ ሳውዝ ፓስ መንገድ እንዲያወጣ የፌደራል መንግሥቱ ሾመው። ሥራው ከሚዙሪ ወንዝ አላለፈም።

ካውንቲው በ1857 ሲፈጠር ሜኒሶታ ገና ስቴት አልሆነችም። እሱም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው፤ አስተዳደሩ የተደራጀው በ1870 ነው። መሬቱ የአገሬው ተወላጆች የሆኑት የዳኮታ ሕዝብ ነበር። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረሙት የ1851 ስምምነቶች ነው ከእጃቸው የወጣው፣ ይህን ዘሎ ታሪኩን ማውራት ያስቸግራል።

ከተማዋ ሌላ ጉድ ናት። በ1871 ናሽናል ኮሎኒ የሚባል ኩባንያ አዲሱን ባቡር ተከትሎ መጠጥ የማይቀምሱ ሰዎችን ሊያሰፍርባት ተነሳ። ወርዚንግተን የሚለውም ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የሆነው የሚለር ሚስት እናት የቤተሰብ ስም ነው። አማቱን አስደስቷል ማለት ነው! አሁን ከስጋ ፋብሪካው ወጥተህ ቢራ ስታዝዝ ማንም አይቆጣህም።