መልስ፦ ከሲሪያል ፖርቱ የማይነበብ ፊደል የሚመጣው ለምንድን ነው?

ኮድህን አትነካካው፣ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። የኤቲሜጋ16ን (ፕሮግራም የሚጫንበትን ቺፕ) ቲኤክስ፣ ማለትም መላኪያ እግር በቀጥታ ኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት (ዳታ መላላኪያ መሰኪያ) ላይ ሰክቼዋለሁ ብለሃል። ቺፑ 1ን በ5 ቮልት፣ 0ን በ0 ቮልት ይልካል። ሲሪያል ፖርቱ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ 1 ከዜሮ በታች፣ 0 ከዜሮ በላይ ከ3 እስከ 15 ቮልት ነው። ስለዚህ ሁሉን ገልብጦ ያነበዋል።

መሃል ላይ ማክስ232 አስገባ፤ የሁለቱን ቮልቴጅ የሚያቀያይር ቺፕ ነው፦

1. የቺፑን ቲኤክስ ከማክስ232 11ኛ እግር፣ 14ኛውን ከፖርቱ 2ኛ ፒን።
2. የፖርቱን 3ኛ ፒን ከ13ኛው፣ 12ኛውን ከቺፑ አርኤክስ (መቀበያ እግር)።
3. የፖርቱን 5ኛ ፒን ከግራውንድ (ከ0 ቮልት መስመር)። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

አራት የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም ያስፈልግሃል። የማክስ232 6ኛው እግር ላይ ያለችውን ልብ በል፤ ኔጌቲቭ ጎኗ ነው እግሩን የሚነካው፣ ፖዘቲቩ ወደ ግራውንድ ይሄዳል።

አንድ ነገር አደራ። እዚህ ጅማ አንድ ማታ መብራት ሄዶ በስልኬ ብርሃን ስሠራ የፖርቱን 3ኛ ፒን በ13ኛው ፈንታ አርኤክሱ ያለበት 12ኛው እግር ላይ ሰካሁት። መብራቱ ሲመጣ ቺፑ መላክ ይልካል፣ መቀበል ግን እምቢ አለ። የአርኤክስ እግሩ ተቃጥሏል። ሌላ ቺፕ ከአዲስ አበባ በሰው እስኪመጣልኝ ሥራው ቆመ።

አንተ አርኤክሱን ከመሰካትህ በፊት 12ኛውን እግር በመልቲሜትር ለካው። ወደ 5 ቮልት ካሳየ ስካው። ከዜሮ በታች ካሳየ እጅህን ሰብስብና ሽቦዎቹን እንደገና እያቸው።