ለወንድምሽ የትኛው ቱቦ ይሻላል?

እህቴ፣ ወንድምሽ ከፎቅ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ የገባለት የሽንት ቱቦ እንዳለ ይቆይ ወይስ በተወሰነ ሰዓት ልዩነት እየገባ በሚወጣው ይቀየር ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ጎንደር ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ከምንኖረው አንዱ ነኝ።

እጆቹ ደህና ከሆኑና ሐኪሙ ከፈቀደ ይቀይር እላለሁ። ውስጥ የሚቆየው ቱቦ ውሎ አድሮ የፊኛ ጠጠር ያመጣል፣ ኢንፌክሽን ይደጋግማል፣ የሽንት መተላለፊያውንም ያቆስላል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ልብሱ እንዳይርስ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ኩላሊት ነው። ፊኛ ከልክ በላይ ሲሞላ ግፊቱ ወደ ላይ ይዞራል፣ እኛ ደግሞ አይሰማንም። ስለዚህ ስሜትን ሳይሆን ሰዓትን መጠበቅ ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። እኔ የምለካው በግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ነው፤ አንገቱ ድረስ ከሞላ ቀጣዩን ሰዓት አቀርባለሁ።

የሆስፒታል ዓይነት ንጽሕና የግድ አይደለም። አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ጃክ ላፒደስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳወቁት ዘዴ በንጹሕ እጅና በንጹሕ ቱቦ የሚሠራ ነው። የእኛ ከተማ ጣጣ ውኃው ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ ለእጅ መታጠቢያ የተለየች ጀሪካን አለችኝ፤ ቡና ቢፈላም እርሷ አትነካም።

ውኃ መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም። ጥምቀት ሲደርስ ፋሲል መዋኛ ሕዝቡ መሐል ላለመቸገር ብለው ከዋዜማው ጀምረው የማይጠጡ አውቃለሁ። ከቤት ሳይወጡ ባዶ ማድረግ፣ ቱቦና ሳሙና በቦርሳ መያዝ ይበቃል። በጾም ወራት ደግሞ የነፍስ አባቱን ያማክር።

ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ቱቦ የምንጠቀም ሰዎች ሽንት ባክቴሪያ አያጣውም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ያልተለመደ የእግር መኮማተር ካለ ግን መጀመሪያ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ይሠራለት፣ ከዚያ መድኃኒቱ።

ጉዳቱ ከደረቱ መሐል ወደ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ፦ ድንገት ራሱን ከፈለጠውና ፊቱ ቀልቶ ካላበው የደም ግፊቱ ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ በፊኛው ያለውን ሽንት አስወጡ። ካልተሻለው ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት።

በየዓመቱ የኩላሊት አልትራሳውንድና የክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም) ምርመራ አይቅር። ነርሷ ስታስተምረው አንቺም አጠገቡ ሁነሽ ተማሪ፤ ነገር ግን እጁ እየሠራ አንቺ አታድርጊለት።