የድሮ ማክሮ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ፦ ጥያቄና መልስ

ማክሮ ማለት ትንሽ ነገርን በጣም ቀርቦ አጉልቶ ማንሳት ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው የኒኮን ማክሮ ሌንስ፣ ማይክሮ ኒኮር 55 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ስለተመረተ ያገለገለው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

ጥያቄ፦ አውቶፎከስ ሳይኖረው ለማክሮ አይከብድም?

መልስ፦ በጣም ሲቀርቡ አውቶፎከስ ያለውም ሰው ያጠፋዋል። የፎከስ ቀለበቱን በምትፈልገው የማጉላት መጠን ላይ ታቆመውና ካሜራውን ራሱን በትንሽ በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታንቀሳቅሳለህ። ስክሪኑ ላይ አጉልተህ እይ፤ ጠርዙን በቀለም የሚያሳየው ፒኪንግ በዚህ ርቀት ያታልላል።

ጥያቄ፦ የኔው ግማሽ መጠን ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። የ55ቱ ኤፍ 3.5ም ሆነ ኤፍ 2.8 ዓይነት (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ብቻቸውን እስከ 1፡2 ነው የሚደርሱት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ነገር ሴንሰሩ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያርፋል። ለ1፡1፣ ማለትም በእውነተኛ መጠኑ እንዲያርፍ፣ በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ የ27.5 ሚሊ ሜትር ባዶ ቱቦ (ኤክስቴንሽን ቲዩብ) ጨምሪ፤ ኒኮን ፒኬ-13 የሚለው ይሄንኑ ነው። ውስጡ መስታወት ስለሌለው ርካሹም ጥራት አይቀንስም፣ ብቻ እንዳይወላለቅ።

የሚከፈለው በብርሃን ነው። 1፡1 ላይ 2 ስቶፕ ይጠፋል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ ኤፍ 8 እንደ ኤፍ 16 ይሠራል። ጥርት የሚለው ጥልቀት እንዲጨምር ኤፍ 22 ላይ ብታደርጊው ኤፍ 44 ስለሚሆን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። በኤፍ 8 ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ጥርት የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ በጀርባው የእጅ ባትሪ አብራ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ካየህ ፈንገስ ነው፣ ተወው። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ሻጭ ዋጋ እንዲቀንስ ግን ይጠቅማል።

ቀጥሎ ከኋላ ያለችውን የአፐርቸር ማንሻ ገፍተህ ልቀቃት። ቅጠሎቹ ወዲያው መመለስ አለባቸው። ከዘገዩ ዘይት ነክቷቸዋል፤ የፎከስ ቀለበቱ ግሪስ ዘይቱ ተለይቶ እየሾለከ ነው እዚያ የሚደርሰው። 55ቱ ኤፍ 2.8 በዚህ የታወቀ ነው። ዲኤስኤልአር (ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ ቅጠሎቹ ሻተሩ ሲከፈት ገና ስላልተዘጉ ፎቶው ከመጠን በላይ ይነጣል። ሚረርለስ (ያ መስታወት የሌለው ካሜራ) ላይ በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት ሲሆን ቀድመህ በእጅህ ስለምትዘጋው ጉዳቱ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ኒኮን ዲ7200 ካሜራ ላይ ይገጠማል?

መልስ፦ ኤአይ (ኒኮን በ1977 ያመጣው የሌንስ አገጣጠም) ከሆነ አዎ። ከ1977 በፊት የተሠራና ያልተስተካከለ ከሆነ ግን እንዳትሞክረው፤ የካሜራው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ሊሰብራት ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ኤአይ የአፐርቸር ቀለበቱ ላይ ሁለተኛ ረድፍ ትናንሽ ቁጥሮች አሉት።

ጥያቄ፦ ሶኒዬ ላይ ገጠምኩት፣ ሻተሩ እምቢ አለ።

መልስ፦ ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ ነው። ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ መተኮስን የሚፈቅደውን አብራ። ስቴዲሾት (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሰው) ካለው የሌንሱን ሚሊ ሜትር 55 ብለህ በእጅ ሙላለት።

ጥያቄ፦ የብር መስቀል ሳነሳ እያብለጨለጨ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ብር የሚያሳየው ዙሪያውን ያለውን ነው። ፍላሹን በቀጥታ አትወርውሪበት፤ በመስቀሉና በፍላሹ መካከል ነጭ ስስ ወረቀት ዘርጊ። ቅርጹ ጎልቶ እንዲወጣ በአንዱ ጎን ጥቁር ካርቶን አቁሚ። መስቀሉ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ ይተኛ፤ ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ክንድ ይደበዝዛል። 55ቱ 1፡1 ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚያስጠጋ የሌንሱ ጥላ ከወደቀበት በ105 ሚሊ ሜትር ማይክሮ ኒኮር ራቅ ብለሽ አንሺ።