«በመርፌ በመነካቱ ነው ወይ የሚሰራጨው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 41 ዓመቴ ነው። ግራ ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ በመርፌ ናሙና ተወሰደልኝ። ካንሰር ነው፣ «ኸር ቱ ፖዘቲቭ» ተባልኩ። ይህ ዓይነቱ ቶሎ ይሰራጫል ይላሉ። አክስቴ ደግሞ «ብረት ከነካው ይብሳል፣ ለምን አስነካሽው?» ይሉኛል። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ሆስፒታል አልተመለስኩም። ጥቁር አዝሙድ በማር እየወሰድኩ ነው። ኸር ቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት ኸር ቱ አይመስለኝም። «በገዛ እጄ አሰራጨሁት ይሆን?» የሚለው ነው። አላሰራጩትም።

ኸር ቱ ጤነኛ ጡት ላይም ያለ ፕሮቲን ነው። በሴሉ ሽፋን ላይ ተቀምጦ «ተባዛ» የሚለውን መልእክት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከ100 የጡት ካንሰር ከ15 እስከ 20 በሚሆነው ግን ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ይበዛል፤ «ፖዘቲቭ» የሚባለው ይህ ነው። መልእክቱም ያለማቋረጥ ይጎርፋል። ሴሉ ይባዛል፣ ከቦታው ይላቀቃል፣ ወደ ብብት ንፍፊት ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አጥንት መሄድ ይችላል። ይህ ባሕርይ መርፌው ሳይገባም ነበረ።

የብረቱን ወሬ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ብዙ ሴቶች የሚመጡት እብጠቱ ቆስሎ ሲፈነዳ ነው። አያምም ብለው ቆይተው። ያኔ ካንሰሩ ሌላ ቦታ ደርሷል። ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፣ ከወራት በኋላ ሴትየዋ ታርፋለች። ለቀስተኛው ቢላውን ያስታውሳል፤ እቤት ያለፈውን ዓመት ማንም አያነሳውም። ወሬው ሌላዋን ሴት ያስፈራል፣ እሷም ትዘገያለች፣ ታሪኩ ይደገማል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መርፌው ባይነካዎት ኖሮ ኸር ቱ መኖሩ በምን ይታወቅ ነበር? መድኃኒቱስ በምን ይመረጥ ነበር?

አዎ፣ መድኃኒት አለው። ትራስቱዙማብ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ኸር ቱ ላይ ተጣብቆ መልእክቱን ያፍናል። ካንሰሩ ገና ካልራቀ ብዙውን ጊዜ ከኬሞ (የካንሰር ሴሎችን ከሚገድሉ መድኃኒቶች) ጋር ተጀምሮ፣ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ይሰጣል። ልብዎ በአልትራሳውንድ እየታየ ነው የሚሰጠው። ድሮ እጅግ የሚፈራው ይህ ዓይነት ካንሰር ዛሬ በጊዜ ከተያዘ ብዙ ሴቶች ይድኑበታል።

ጥቁር አዝሙዱ ግን ይህን አይሠራም። ሁለት ወር ሙሉ! ለዚህ ካንሰር ሁለት ወር ብዙ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ማንም አይቆጣዎትም። ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም አዲስ የጀርባ ሕመም ያለ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ካልሆነም ነገ ጠዋት። የውጤት ወረቀቱን ይያዙ። አክስትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፣ የብረቱን ነገር ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት።