«አሳመነ»፣ «ረታ»፣ «አግባባ»፦ የጸሐፊን የማሳመን ጥበብ ስንተነትን

ጥያቄ፦ የአንድ አስተያየት ጽሑፍ ትንታኔ ስጽፍ «ጸሐፊው አንባቢን ለማሳመን የተለያዩ ስልቶችን ተጠቅሟል» አልሁ። ረቂቄን ያየልኝ ባልደረባዬ «ስልቶችን ተጠቅሟል» የሚለውን «በስልቶች ተጠቅሟል» ብሎ አረመው፤ «ለማሳመን» ከማለትም «ለመርታት» ማለት ይሻላል አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ በመጀመሪያው እርማት የልቤን ተናግሯል፤ በሁለተኛው ግን አልስማማም። «ጠቀመ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ «ምክሩ ጠቀመኝ» እንላለን። «ተ» ሲጨመርበት ጥቅሙን ያገኘው ሰው ባለቤት ይሆናል፤ ጥቅሙ የተገኘበት ነገር ደግሞ «በ»ን ይዞ ይመጣል፤ «በምክሩ ተጠቀምሁ» እንደምንለው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከሄድን «ስልቱን ተጠቀመ» የሚለው አነጋገር ግሱ በተፈጥሮው የማይፈልገውን ተሳቢ ያሸክመዋል። እኔ እስከ ዛሬ በ«በ» እጽፋለሁ፤ ወደፊትም እንዲሁ እጽፋለሁ። ይሁን እንጂ የዛሬው ሰው «መድኃኒቱን ተጠቀመ» ሲል ወሰደው ማለቱ ነው፤ «በመድኃኒቱ ተጠቀመ» ሲል ደግሞ ፈወሰው ወደ ማለት ያዘነብላል። ቋንቋው ሁለቱን ለይቶ ለየራሳቸው ሥራ ሰጥቷቸዋል ማለት ነው። መቀበሉ ደስ ባያሰኘኝም፣ በዚህ ልዩነት ከተመዘነ የእርስዎ «ስልቶችን ተጠቅሟል» ይበልጥ ጥንቁቅ ሆኖ ይገኛል፤ ጸሐፊው በስልቱ መሥራቱን እንጂ ከስልቱ ማትረፉን አይናገርምና።

ሥራውንና ውጤቱን የመለየቱ ነገር ነው ወደ «አሳመነ» የሚያደርሰን። «አሳመነ» በ«አስ» የተፈጠረ የ«አመነ» አስደራጊ ነው። «አመነ» ራሱ ከግእዙ «አምነ» የወረደ ሲሆን፣ ሥሩ በብዙ ሴማውያን ቋንቋዎች ተሰራጭቷል፤ የዕብራይስጡ «አሜን» እና የዐረብኛው «ኢማን» የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃላችንም በአራማይስጥ በኩል ዞሮ ወደ ግእዝ የገባ የዚሁ ሥር ልጅ ነው። የሥሩ ጥንታዊ ሐሳብ መጽናት፣ የማይናወጥና የሚያስተማምን መሆን ነው። በአማርኛ «አመነ» ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው እውነት ነው ብሎ መቀበል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ተከሳሹ ጥፋቱን አመነ» ስንል የምናገኘው የራስን ነገር ሳይክዱ መናዘዝ ነው። በሁለቱም ፊት የማመኑ ሥራ የሚያልቀው በአማኙ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰው ሊገፋፋው ይችላል እንጂ ሊፈጽምለት አይችልም። ስለዚህ «ጸሐፊው አንባቢን አሳምኗል» ብሎ በኃላፊ መጻፍ አንባቢዎቹን ሳይጠይቁ ስለ ልባቸው መመስከር ነው። እርስዎ «ለማሳመን» ብለው ዓላማውን ብቻ መናገርዎ ተገቢ ነው፤ በተንታኞች ጽሑፍ ይህን ጥንቃቄ እምብዛም አላየውም።

«ረታ»ን ከዚህ ቦታ የማስገባት ሐሳብ የባልደረባዎ ብቻ አይደለም። የሚደግፉት ሰዎች የሚያነሡት የቃሉን ትውልድ ነው፤ ትውልዱ ደግሞ በእውነት ያማረ ነው። የግእዙ «ረትዐ» ቀና፣ ተስተካከለ ማለት ነው። በአማርኛ መጨረሻው «ዐ» ሲወድቅ «ሰምዐ» «ሰማ»፣ «በልዐ» «በላ» እንደ ሆነ ሁሉ «ረትዐ»ም «ረታ» ሆነ። «ርትዕ»ን እና «አንደበተ ርቱዕ»ን ይህ ሥር ነው የሰጠን። እነርሱ ታዲያ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው የሚሠራው ሥራ መርታት ከሆነ፣ የማሳመን ጥበብ ስሙ እዚያው ይገኛል ይላሉ። ነገር ግን ቃሉ ከግእዝ ወደ አማርኛ ሲሻገር ወደ ችሎት ነው የገባው። የሚረታ ካለ የሚፈርድለት ዳኛና የሚረታው ተሟጋች አሉ፤ የተረታውም ሰው ክርክሩን ተሸነፈ እንጂ አመነ አይባልም፤ በውሳኔው ሳያምን ይግባኝ ሊል ይችላል። አንባቢ ግን የጸሐፊው ባላጋራ አይደለም፤ ፈራጅ ነው ቢባል ይሻላል። ጸሐፊው የሌላን ሰው አቋም ጠቅሶ ነጥብ በነጥብ በሚያፈርስበት አንቀጽ ላይ «ይሞግታል»፣ «ይረታል» ቢሉ ያምርበታል፤ ከዚያ ውጭ አይመከርም። ከ«ገባ» የመጣው «አግባባ» ደግሞ የሚለያዩ ሰዎችን ወደ አንድ ሐሳብ ማምጣት ነው፤ የማባበል ጥላ ስላለበት ጸሐፊው ለስለስ ብሎ በሚቀርብበት ቦታ ይስማማል።

ከግሶቹ ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «የተለያዩ ስልቶችን» የሚለው ሐረግ ነው። የትኞቹን? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አርስቶትል ማሳመኛን በተናጋሪው ጠባይ፣ በሰሚው ስሜትና በነገሩ በራሱ ማስረጃ ከፍሎታል። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ተንታኞች ግን ሦስቱን ስሞች በዐረፍተ ነገሮች ላይ ከለጠፉ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «መቼም»፣ «ታዲያ»፣ «እኮ»፣ «እንዴ» የመሳሰሉት ቃላት የንግግር ማጣፈጫ እንጂ ትርጉም የሌላቸው ናቸው የሚለው አስተያየት ነው። ይህን በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ፤ አማርኛ ጸሐፊ አንባቢውን የሚይዘው በአብዛኛው በእነዚህ ነውና። ለምሳሌ ያህል እኔ ያዘጋጀሁትን ይህን አጭር ጽሑፍ ይመልከቱ፦

«መቼም ንባብ ለአእምሮ እንደሚበጅ የማያውቅ የለም። ታዲያ ልጆቻችንን ከመጽሐፍ ያራቅናቸው እኛው አይደለንም እንዴ?»

«መቼም» ከ«መቼ» እና ከ«ም» የተሠራ ነው፤ በማንኛውም ጊዜ ማለት ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ድሮም የታወቀና ክርክር የማይገባው ሆኖ ይቀርባል። «የማያውቅ የለም» በሁለት አሉታ የተሠራ አዎንታ ነው፤ «ሁሉም ያውቃል» ከሚለው የሚለየው ተጠራጣሪውን ቀድሞ በማሰብና ወዲያው በማጥፋት ነው። «ታዲያ» ከስምምነቱ ወደ ወቀሳው ያሻግራል፤ በመካከላቸው ግን የማስረጃ ዐረፍተ ነገር የለም፤ ድልድዩ ቃሉ ራሱ ነው። «ልጆቻችን» የሚለው ደግሞ ልጅ ያለውንም የሌለውንም አንባቢ በ«ኣችን» ከወላጆች ጋር ይደምረዋል።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን በ«ያራቅናቸው እኛው» ላይ ነው። ጸሐፊው «ልጆቻችንን ከመጽሐፍ አራቅናቸው» ቢል ኖሮ አንባቢው «የለም፣ አላራቅናቸውም» ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር። አሁን ግን መራቃቸው በ«ያ» በተጀመረው ዘርፍ ውስጥ ተቀብሮ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ የሚጠየቀው አራቂው ማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። አንባቢው «አይደለንም» ቢል እንኳ የካደው አድራጊነቱን እንጂ ድርጊቱን አይደለም። «እንዴ» በመጨረሻ መጥቶ «ነን» የሚለውን መልስ ከአፉ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ «ጸሐፊው ምላሽ የማይሻ ጥያቄ ተጠቅሟል» ብሎ ማለፍ ጽሑፉን አለማንበብ ነው።

በዚሁ ዐይን «ተብሎ ይታመናል» የሚለውንም ይመልከቱት። የ«አመነ» ተደራጊ ነው፤ እምነቱ አለ፣ አማኙ ግን የለም። ጸሐፊው የራሱን ግምት በዚህ ሐረግ ሲያቀርብ የብዙዎች አቋም ያስመስለዋል። ሐረጉ ከጋዜጣ ቋንቋ እንዲወጣ ብመኝም ሥር ሰድዷል፤ የሚጽፈውም ሰው ሁሉ ለማታለል አስቦ አይደለም፤ አብዛኛው በልማድ ይጽፈዋል። ስለዚህ ተንታኙ ዙሪያውን አይቶ አማኙ በሌላ ቦታ ተጠቅሶ እንደ ሆነ ሳያጣራ ስልት ነው ብሎ ባይፈርድ ይመረጣል።

እንግዲህ የእርስዎን ዐረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው፣ ከላይ ያለውን ምሳሌ ይዤ፣ እንዲህ እለዋለሁ፦ «ጸሐፊው የልጆችን ከመጽሐፍ መራቅ በማስረጃ ሳያስደግፍ አስቀድሞ እንደ ታወቀ ነገር አስቀምጦ፣ አንባቢን በጥፋተኝነት ጥያቄ ለማሳመን ይጥራል።» «የተለያዩ ስልቶች» የሚለውን ግን በ«በ»ም ሆነ በ«ን» አልመልሰውም።