መልስ፦ ማሪስካ ሃርጊቴይ የምትረዳው ከልቧ ነው ወይስ ለዝና?

በአሜሪካው የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ በሎው ኤንድ ኦርደር ኤስቪዩ መርማሪዋን ኦሊቪያ ቤንሰንን ሆና የምትተውነው ማሪስካ የተደፈሩ ሰዎችን የምትረዳው ከልቧ ነው ወይስ ለዝና ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ከልቧ ነው ባይ ነኝ። ድራማው በ1999 ከጀመረ በኋላ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የሚደርሷት ደብዳቤዎች «ፎቶሽን ፈርመሽ ላኪልኝ» የሚሉ ብቻ አልነበሩም። ተጎጂዎች የደረሰባቸውን በደል ይጽፉላት ጀመር። እሷም ተጎጂዎችን ለመደገፍ የሚያስችል ሥልጠና ወሰደች፤ በ2004 ጆይፉል ሃርት ፋውንዴሽን የተባለውን የተጎጂዎች መርጃ ድርጅት አቋቋመች።

ለእኔ ትልቁ ሥራዋ የማስረጃ ሳጥኖቹ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ተደፍራ ሆስፒታል ስትሄድ ለሰዓታት ትመረመርና ከሰውነቷ የተወሰደው ናሙና በሳጥን ታሽጎ ለፖሊስ ይሰጣል። ከዚያስ? በ2009 በአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት ውስጥ በአንድ የፖሊስ መጋዘን ከ11,000 በላይ ሳጥኖች ላቦራቶሪ ሳይገቡ ተከማችተው ተገኙ። አስበው እስቲ፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሰው ነው! ድርጅቷ እነዚህ ሳጥኖች እንዲቆጠሩና ላቦራቶሪ እንዲገቡ በየስቴቱ ሕግ እንዲወጣ ሲወተውት ኖሯል።

በጃንዋሪ 2024 ደግሞ እሷ ራሷ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ጓደኛዋ በነበረ ሰው መደፈሯን ጻፈች። ዝና ፈልጋ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት አፍና ባልያዘችው።